የማይነካካ ማጫወቻ

ጋሽ ታደሰ ጡረታ ከወጡ ወዲህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያለውን የቤታቸውን ቤዝመንት የሙዚቃ ክፍል አድርገውታል። በጆሮ ከፍታ ሰባት ስፒከር፣ ኮርኒሱ ውስጥ አራት፣ ጥግ ላይ አንድ ሳብዉፈር፤ በሙያው ሰዎች አጠራር ሰባት ነጥብ አንድ ነጥብ አራት የሚባለው አደራደር ነው። ድምፁን ተቀብሎ ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለው ሪሲቨርም ተገጥሟል። የቀረው ፋይሎቹን የሚያጫውተው ዕቃ ነው። ለዚህ ያማከሯት ሰላማዊት በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በየሰው ቤት የድምፅ ዕቃ እየገጠመች የምትተዳደር ባለሙያ ናት።

ጋሽ ታደሰ፦ በይ እንግዲህ አታድክሚኝ። የትኛውን ልግዛ? ስሙን ብቻ ንገሪኝ፣ ነገ አመጣዋለሁ።

ሰላማዊት፦ ከስሙ በፊት ምን እንደሚያጫውቱበት ልይ። ያን ሃርድ ዲስክ ላፕቶፑ ላይ ይሰኩልኝ።

ጋሽ ታደሰ፦ ሙዚቃ ነዋ፣ ሌላ ምን ይኖርበታል? ማጫወቻ ደግሞ ማጫወቻ ነው። ልጄ ፊልም የሚያይበት ሳጥን ላይ ቤት አለ። እሱን ባወርደው ምን ይጎድልብኛል?

ሰላማዊት፦ እንደ ፋይሉ ነው። ይኸው፣ ገና ከመክፈቴ አራት ዓይነት አየሁ። ይሄ ፍላክ ነው፣ ባለ ስድስት ቻናል። ፍላክ ከስምንት ቻናል በላይ አይዝም፤ ስለዚህ ለኮርኒሱ ስፒከሮች የሚሆን ድምፅ በግልጽ አያገኙበትም። በስውር ካልሆነ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። ይሄ ኤስኤሲዲ ነው፣ ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ የሚሉት፤ ሙሉው ዲስክ በአንድ የአይኤስኦ ፋይል ተቀምጧል። ይሄ ኤምኬቪ፣ ከብሉ ሬይ የመጣ፤ ውስጡ ዶልቢ ትሩ ኤችዲ ነው ከነአትሞሱ። እንዲህ ያለው ብዙ ነው። ይቺስ ምንድን ናት?

ጋሽ ታደሰ፦ ተያት እሷን፣ የተበላሸች ናት። ከድሮ ሲዲ ገልብጬ ያስቀመጥኳት ነች። ስከፍታት ሹሹታ ብቻ ነው የምታሰማው። አጠፋታለሁ እያልኩ እየረሳሁ ነው።

ሰላማዊት፦ እንዳያጠፏት! ይቺማ የዲቲኤስ ሲዲ ናት፤ በ1990ዎቹ ይወጡ ነበር። ላይዋን ሲያዩት እንደማንኛውም ሲዲ ናት፦ ሁለት ቻናል፣ 16 ቢት፣ በሴኮንድ 44,100 ናሙና። ውስጧ ግን ስድስት ቻናል ሙዚቃ በኮድ ታምቆ ተቀምጧል። ሪሲቨር ኮዱን ያውቀውና ይፈታዋል። የማያውቅ ዕቃ ተራ ድምፅ መስሎት እንዳለ ሲያጫውተው ሹሹታ ይሆናል። ቆይ፣ ላፕቶፑን ከሪሲቨሩ ጋር ላገናኘው።

(የሪሲቨሩ ፊት ላይ «ስቴሪዮ» የሚል ጽሑፍ በራ። የፊት ስፒከሮቹ ሹሹታውን ለቀቁት።)

ጋሽ ታደሰ፦ አላልኩሽም?

ሰላማዊት፦ ገና ነው። የላፕቶፑ ቮልዩም 80 ላይ ነው፤ 100 ላድርገው። ናሙናውንም ወደ 48,000 እየቀየረው ነው፣ ወደ 44,100 ልመልሰው። አሁን ይስሙ።

(«ስቴሪዮ» የሚለው ጠፍቶ «ዲቲኤስ» በራ። ከበሮው ከፊት፣ ጊታሩ ከግራ በኩል ከጀርባ መጣ።)

ጋሽ ታደሰ፦ እመቤቴ! ይሄን ሁሉ ዘመን ሞታለች ብዬ የተውኳት!

ሰላማዊት፦ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ላፕቶፑን «አትንካ» ማለት ነው። ቮልዩም ትንሽ ዝቅ ሲል እያንዳንዱ ቁጥር ይለወጣል። ተራ ሙዚቃ ላይ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ በቃ። በኮድ የተቀመጠ ላይ ግን ኮዱ ይፈርሳል። የማጫወቻ ምርጫ ለእኔ ከዚህ ይጀምራል። «ድምፁን ያሳምራል»፣ «ባሱን ያጎላል» የሚባልለትን ሁሉ ይተዉት። የምንፈልገው የማይነካካውን ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ቢነካካ ሹ ይላላ፤ ያኔ አውቄ እመልሰዋለሁ።

ሰላማዊት፦ ዲቲኤስማ ጮሆ ይናገራል። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚጎድለው ነው። ቅድም በስውር ያልኩት አለ፣ ኦሮ ስሪ ዲ የሚባለው። ቤልጅግ ውስጥ ሞል በምትባል ከተማ ያለው የጋላክሲ ስቱዲዮ ሰው፣ ዊልፍሪድ ቫን ባለን፣ ያመጣው ስልት ነው። የከፍታዎቹን ቻናሎች ባለ 24 ቢት በሆነው ናሙና የመጨረሻዎቹ ቢቶች ውስጥ ደብቆ ያስቀምጣቸዋል። ማጫወቻው ፋይሉን ወደ 16 ቢት ቢቆርጠው ወይም ቮልዩሙን ቢያስተካክልልዎ የተደበቀው ይጠፋል። ሙዚቃው ግን አይቋረጥም፣ ሹ አይልም። ከፊትና ከጀርባ መምጣቱን ይቀጥላል፤ የኮርኒሱ ስፒከሮች ጸጥ ይላሉ። እርስዎም «ይሄ ሚክስ ከላይ ምንም የለውም ማለት ነው» ብለው ያልፉታል።

ጋሽ ታደሰ፦ አትሞሱም እንዲሁ ነው?

ሰላማዊት፦ አሠራሩ ይለያል፣ ጉዳቱ ይመሳሰላል። በድሮው ስልት ለእያንዳንዱ ስፒከር የራሱ ድምፅ ይመደብለት ነበር። ዶልቢ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሲኒማ ባወጣው አትሞስ ድምፁ ከነአድራሻው ይጓዛል፦ ይህ መለከት እዚህ ቦታ፣ በዚህ ከፍታ፣ በዚህች ቅጽበት። ሲኒማ ቤት እስከ 128 ድምፅ አንድ ላይ ይስተናገዳል። ለቤት ሲዘጋጅ የሚቀራረቡት ተጠቃለው ከ12 እስከ 16 ቡድን ይሆናሉ። ስንት ስፒከር እንዳለዎትና የት እንዳሉ የሚያውቀው ሪሲቨሩ ነው፤ አድራሻውን አይቶ የሚያከፋፍለውም እሱ። ማጫወቻው መልእክተኛ ነው። የታሸገውን ደብዳቤ በመንገድ ከፍቶ አንብቦ በራሱ አፍ ቢነግርዎት፣ ዋናው ጉዳይ ይደርስዎት ይሆናል፤ ማኅተሙና ፊርማው ግን ቀረ።

ጋሽ ታደሰ፦ የልጄ ሳጥን አፕል ቲቪ ነው፣ ፎር ኬ የሚሉት። እሱ ይከፍታል?

ሰላማዊት፦ ይከፍታል። ግን እንደ ፋይሉ ነው ያልኩዎት እዚህ ላይ ነው። አፕል ሙዚቃውን በአትሞስ ማሰማት የጀመረው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ነው። ከኢንተርኔት የሚመጣው ዶልቢ ዲጂታል ፕላስ ነው፣ በሴኮንድ 768 ኪሎቢት። አፕል ቲቪ ይሄን ይከፍተዋል፣ ከዚያ አድራሻዎቹን ሳይጥል እንደገና ጠቅልሎ ለሪሲቨሩ ይሰጣል፤ ሪሲቨሩም «አትሞስ» ብሎ ይቀበለዋል፣ ኮርኒስዎም ይዘፍናል። ለአፕል ሙዚቃ ከእሱ የሚቀል ነገር አላውቅም። የእርስዎን ኤምኬቪ ሲሰጡት ግን ሌላ ነው። ትሩ ኤችዲውን ፈትቶ ተራ ባለ ስምንት ቻናል ፒሲኤም፣ ማለትም ያልታሸገ ድምፅ፣ ያደርገዋል፤ አድራሻዎቹ እዚያው ይቀራሉ። ለዓመታት የኖረ ጠባዩ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ታዲያ በቁጥርም ከሄድን ከኢንተርኔት የሚመጣው ያነሰ ነው። ለምን እሰማዋለሁ? የእኔ አንድ አልበም ሁለት ሦስት ጊጋ ይፈጃል።

ሰላማዊት፦ ልክ ነው፣ የ50 ደቂቃ አልበም በ768 ኪሎቢት 300 ሜጋባይት አይሞላም። የእርስዎ ትሩ ኤችዲ ምንም ያልተጣለበት ነው፣ ያኛው ብዙ የተጣለበት። ልዩነቱ አለ። እኔ ግን እውነቱን ልንገርዎት፤ በጥሩ ጆሮ የተቀናበረ ሚክስ በ768 ኪሎቢት፣ ለወጉ ያህል በጥድፊያ ከተሠራ ሚክስ በትሩ ኤችዲ ይበልጥብኛል። አትሞስ ከተለመደ ወዲህ የድሮ ዘፈን እየተጎተተ ጊታሩ ጀርባ፣ የዘፋኟ ትንፋሽ ኮርኒስ ላይ የሚሰቀልበት ነገር በዝቷል።

ጋሽ ታደሰ፦ እኔ ይሄን ፊልም ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ። ዋሽንግተን እንደመጣሁ ከአንድ ጋራዥ ሴል የገዛሁት ሳንሱይ ነበረኝ፣ ባለ አራት ስፒከር። ኳድ ነበር የሚሉት። ዕቃው ግሩም፣ የሚሰማበት ሸክላ ግን ቸገረኝ። ያገኘሁት ሸክላ ሁሉ ከእሱ ጋር አይግባባም።

ሰላማዊት፦ ያኔ ሦስት ጎራ ነበራ። የሲቢኤሱ ኤስኪው፣ የሳንሱይ ኪውኤስ፣ የጄቪሲ ሲዲ ፎር። አንዱ የሌላውን በቅጡ አይፈታም። ገዢው ታከተውና ተወው። ግን ሁሉ ነገር ከንቱ አልቀረም። የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» እ.ኤ.አ. በ1973 ሲወጣ አለን ፓርሰንስ የኳድ ሚክስ ሠርቶለታል። በ2003 ጄምስ ገስሪ ባለ ስድስት ቻናሉን ለኤስኤሲዲ፣ በ2023 ደግሞ አትሞሱን ሠራ። አንድ አልበም በሦስት ዘመን ስልት። እዚህ ዲስክዎ ላይ የኤስኤሲዲውም የብሉ ሬዩም አለ፣ አየሁት።

ጋሽ ታደሰ፦ እሱንማ ደህና አድርጌ ነው ያዘጋጀሁት። እያንዳንዱን ዘፈን ለየብቻ ቆርጬ ስም ሰጥቼዋለሁ።

ሰላማዊት፦ ወይኔ ጋሼ!

ጋሽ ታደሰ፦ ምን ሆንሽ?

ሰላማዊት፦ ፊልምና ሙዚቃ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሻጩም፣ ዕቃውን የሚያወዳድረውም ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፊልም ነው። ፊልም አንዴ ይጀምራል፣ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። ሪሲቨር የታሸገ ድምፅ ሲደርሰው ዓይነቱን እስኪለይ ድረስ አፉን ይዘጋል፤ ግማሽ ሴኮንድ፣ አንዳንዱ ከአንድም ያልፋል። ፊልም ሲጀምር የድርጅቱ አርማ ነው ያለው፣ ማንም ልብ አይለው። ሙዚቃ ግን ከመጀመሪያዋ ምት ይጀምራል። ከበሮው ድም ሲል ሪሲቨሩ ገና «ይሄ ትሩ ኤችዲ ነው ወይስ ምንድን ነው» እያለ ነው፤ እርስዎ የሚሰሙት ከሁለተኛው ምት ጀምሮ ነው። በእያንዳንዱ ዘፈን መግቢያ ላይ እንዲሁ። ይሄ አልበም ደግሞ ዘፈን ከዘፈን ሳይቋረጥ እየተሸጋገረ የሚሄድ ነው። ቆራርጠውት በየመሸጋገሪያው ጉድጓድ ቆፍረውበታል።

ጋሽ ታደሰ፦ እኔማ ይሄን የማጫወቻው ጥፋት ነው ብዬ ልገዛ የተነሳሁትም ለዚሁ ነበር። በላፕቶፑ እየተቆራረጠ ሲያስቸግረኝ።

ሰላማዊት፦ ከፊሉ የማጫወቻውም ነው። አንዳንዱ በሁለት ፋይል መካከል መስመሩን ጨርሶ ይዘጋዋል፣ ሪሲቨሩም እንደ አዲስ ይጀምራል። አንዳንዱ መስመሩን ክፍት አድርጎ ያቆየዋል። ኮዲ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ለምሳሌ የድምፁ መስመር ሥራ በሌለበትም እንዳይዘጋ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ። ፒሲኤም ላይ ይረዳል፤ የታሸገ ድምፅ ላይ ሁልጊዜ አይሳካም። የእኔ መድኃኒት ሌላ ነው፦ አልበሙን አይቁረጡት። ከብሉ ሬዩ እንደወጣ አንድ ኤምኬቪ አድርገው በምዕራፍ ይተዉት። ሪሲቨሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይይዛል፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ ይፈስሳል። ሦስተኛውን ዘፈን ሲፈልጉ በሪሞቱ ምዕራፍ ይዘልላሉ።

ጋሽ ታደሰ፦ እንግዶች ሲመጡ ከዚህም ከዚያም እየመረጥኩ ማሰማት ብፈልግስ?

ሰላማዊት፦ ያኔ የመጀመሪያዋን ምት መሥዋዕት ያደርጋሉ። ሁለቱን የሚያስታርቅ ነገር አላገኘሁም። ቤት ሄጄ ስገጥም የምጠይቀው ጥያቄም ይሄ ነው፦ አልበም ሰሚ ነዎት ወይስ ዘፈን መራጭ?

ጋሽ ታደሰ፦ አልበም ሰሚ ነኝ። እንግዶቹም ይታገሱ። በይ አሁን ስም ጥሪ።

ሰላማዊት፦ እሺ። ኤንቪዲያ ሺልድ ቲቪ ፕሮ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በ199 ዶላር የወጣ። ለእንደዚህ ያለ ዕቃ ሽማግሌ ነው፤ ግን ዛሬም በየቤቱ ይሠራል። ኮዲን ይጭኑበትና ትሩ ኤችዲውን ሳይከፍት ያሳልፍልዎታል።

ጋሽ ታደሰ፦ ኮዲ የሌቦች አይደለም እንዴ? ፊልም የሚሰርቁበት?

ሰላማዊት፦ ፕሮግራሙ ምንም የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2002 ለኤክስቦክስ ጨዋታ ማሽን ተብሎ የተጀመረ፣ ነፃ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነው። ስሙን ያጠፋው ሰው ላዩ ላይ የሚለጥፍበት ነገር ነው። የኮዲ ችግሩ ብዙ ቁልፍ አለው፤ ሁሉም ደግሞ ከመጀመሪያው በትክክል አልተቀመጠም። ሲስተም፣ ከዚያ ኦዲዮ ይገባሉ። ፓስስሩ የሚለውን ማለትም ሳይከፍት እንዲያሳልፍ ይፈቅዳሉ፣ ለትሩ ኤችዲ ለብቻው ምልክት ያደርጋሉ። ይሄን ሁሉ አድርገውም በቪዲዮው በኩል ድምፁን ከስክሪኑ ጋር የሚያስተካክለው ማስተካከያ በርቶ ከሆነ ማሳለፉ ይቆማል። ምስል በሌለው ሙዚቃ ላይ ቪዲዮ ክፍል ገብቶ የሚፈልግ ማን አለ? ስንት ሰው ቤት ሄጄ ጥፋቱን ያገኘሁት እዚያች ላይ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ይሄ ለእኔ አይሆንም። ቀጥዪ።

ሰላማዊት፦ ዚዱና ዱን ኤችዲ የሚባሉት አሉ። እነዚህ የራሳችሁን ፋይል አጫውቱ ተብለው የተሠሩ ናቸው። እንደ አፕል የለሰለሱ አይደሉም፣ የፊልም አገልግሎቶችንም በእነሱ ለማየት አልመክርም። ግን ሃርድ ዲስኩን ከጀርባ ይሰኩታል፣ ኤምኬቪውን ሳይነኩ ያሳልፉታል። ዚዱ የኤስኤሲዲውን አይኤስኦ ራሱ ከፍቶ ዘፈኖቹን ይዘረዝርልዎታል። ከስልክዎ መቆጣጠርም ይቻላል። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስልዎ፤ ሙዚቃ ለመስማት ያን የሚያህል ቲቪ ማብራት ግድ ሊሆን አይገባም። ሲገዙ ግን ቲቪውን አጥፍተው ይሞክሩት፤ ቲቪው ሲጠፋ ግራ ገብቶት ወደ ስቴሪዮ የሚወርድ ማጫወቻ አለ።

ጋሽ ታደሰ፦ ኦፖስ? የድሮ ወዳጆቼ የሚምሉት በእሱ ነው።

ሰላማዊት፦ ቢምሉ አይፈረድባቸውም፣ ጥሩ ዕቃ ነበር። ኦፖ ዲጂታል ግን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ሥራውን እንደሚያቆም አስታውቋል። አሁን የሚገኘው ያገለገለ ነው። ዲስክ ለማጫወት ለሚፈልግ ሰው ይሁን፤ ለፋይል ብዬ ያን ያህል ገንዘብ አላወጣም። ዲስኩን ራሱን ማጫወት ካማረዎት የሶኒው ኤክስ 800 ኤም 2 ኤስኤሲዲም ዲቪዲ ኦዲዮም ያነባል።

ጋሽ ታደሰ፦ ይሁን። ማጫወቻውን ከቲቪው እሰካለሁ፣ ከቲቪው ድምፁን በኦፕቲካል ኬብል ወደ ሪሲቨር አወርዳለሁ። ኬብሉን ገዝቼዋለሁ።

ሰላማዊት፦ ኬብሉን ለሌላ ነገር ያድርጉት። በኦፕቲካል የሚያልፈው ስቴሪዮ ወይም የድሮው ባለ ስድስት ቻናል ዶልቢና ዲቲኤስ ነው። ትሩ ኤችዲ አይበቃውም። በኤችዲኤምአይ ከቲቪ የሚመለሰው አርክም ትሩ ኤችዲን አይችልም፤ ኢ-አርክ የሚባለው አዲሱ ይችላል። ግን ቲቪውን ለምን መሃል እናስገባለን? ከማጫወቻው በቀጥታ ወደ ሪሲቨሩ፣ ምስሉ ከሪሲቨሩ ወደ ቲቪ። በቃ።

ጋሽ ታደሰ፦ አንድ ነገር ረስተሻል። ከዚህ ዲስክ ግማሹ የአገር ቤት ሙዚቃ ነው። አምሀ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ማሳተም ከጀመረ ወዲህ ያሉትን ሸክላዎች ያገኘሁትን ያህል ሰብስቤያለሁ። እነሱስ በአሥራ አንድ ስፒከር ይሰሙልኛል?

ሰላማዊት፦ ሪሲቨሩ ላይ ዶልቢ ሰራውንድ የሚል አለ፤ ሁለቱን ቻናል ወስዶ ለሁሉም ያዳርሰዋል። እኔ ግን ባጠፋው እመርጣለሁ። ያ ባንድ በአንድ ክፍል ውስጥ ተጠጋግቶ የተቀዳ ነው። ጉልበቱም ከዚያ ነው የሚመጣው።

ጋሽ ታደሰ፦ እኔ ደግሞ ሲሰፋ ደስ ይለኛል። ሳክስፎኑ እንደ ጭስ ክፍሉን ሲሞላው።

ሰላማዊት፦ ቤቱ የእርስዎ ነው። ብዙነሽ በቀለ ከጀርባዎ ስትመጣ ግን ያጥፉት አላልሽኝም እንዳይሉኝ። ዋናው፣ ይሄ ምርጫ ሪሲቨሩ ላይ በአንድ ቁልፍ የሚበራና የሚጠፋ መሆኑ ነው። ማጫወቻው ውስጥ ቢሆን ኖሮ የት እንደተደረገ እንኳ አያውቁትም።

ጋሽ ታደሰ፦ አንቺ ራስሽ ኮርኒሱ ድረስ ሲዘፍን የምትሰሚው ምንድን ነው?

ሰላማዊት፦ ቱኤል የሚባል የኖርዌይ ትንሽ ድርጅት አለ። ድምፅ ቀራጺው ሞርተን ሊንድበርግ ሙዚቀኞቹን እንደ መድረክ ፊት ለፊት አይደረድራቸውም። ማይክሮፎኖቹን መሃል ያቆምና ሰዎቹን በዙሪያው ክብ ያደርጋቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው የሚቀዳው፤ ጣሪያው ራሱ እንዲሰማ። የኒዳሮስ ካቴድራል የልጃገረዶች መዘምራን የተሳተፉበት «ሉክስ» እ.ኤ.አ. በ2020 የግራሚ ሽልማት አግኝቷል፣ በዚሁ በዙሪያ ድምፅ ዘርፍ። እሱን ስሰማ ከላይ የሚመጣው ማንም የለጠፈው ነገር አይደለም። ድምፁ ወጥቶ ጣሪያ ነክቶ የተመለሰው ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ይሄማ ማኅሌት ነው።

ሰላማዊት፦ እንዴት?

ጋሽ ታደሰ፦ ልጅ ሆኜ ዲያቆን ነበርኩ። ማኅሌት ሲቆም ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ቀኝ ጌታ በዚህ፣ ግራ ጌታ በዚያ። አንዱ ወገን ያነሳል፣ ሌላው ይቀበላል። ከበሮው መሃል ላይ ወዲህ ወዲያ ይላል። ጸናጽሉ በሁለቱም በኩል ነው፣ መቋሚያው ወለሉን ሲመታ በእግርሽ ትሰሚዋለሽ። ዛሬ በስልክ የሚቀረጸውን ስሰማው ያዝናል ልቤ። ሁሉም አንድ ላይ ከፊት ይመጣል። ቀኝና ግራ የለ፣ መሃል የለ። እኔ እኮ የቆምኩት መሃል ነበር።

ሰላማዊት፦ ለዚያ ነገር ሁለት ቻናል አይበቃውም፣ ልክ ነው። ሁለቱን ረድፍ ቀኝና ግራ ቢያደርጉት ከበሮው ይጠፋል፤ ጣሪያውን ቢያስገቡት ቃሉ ይደበዝዛል። መሃል ላይ የማይክሮፎን ዛፍ ተክሎ፣ አራት ከታች፣ አራት ከላይ፣ ብዙ ቻናል በሚይዝ መቅጃ መቅዳት ነው። ዕቃው ይኸው በሻንጣ ይያዛል። የሚከብደው ማይክሮፎኑን የት እናቁም ብሎ አስተዳዳሪውን ማስፈቀዱ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ከበሮው የሚመላለስበት ቦታ ላይ ነዋ የሚቆመው።

ጋሽ ታደሰ፦ ፈቃዱን ለእኔ ተዪው። የማውቃቸው አባት አሉ። ለመስማት እንኳ አንድ ሌሊት እናስቀዳ።

ሰላማዊት፦ ካመጡልኝ ሚክሱን እኔ እሠራለሁ። ያኔ ግን ጥሩ ማጫወቻ የግድ ሊኖርዎ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ወደ ገበያው መለስሽኝ። ቁርጡን ንገሪኝ።

ሰላማዊት፦ ከእነ ዚዱና ዱን ኤችዲ አንዱን፣ ኤስኤሲዲውን እንዲከፍትልዎ ዚዱን አስቀድሜ። ለኢንተርኔቱ ሙዚቃ የልጅዎን አፕል ቲቪ ሁለተኛው መሰኪያ ላይ ያድርጉት፤ አይጣሉት። ሁለት ሳጥን፣ እያንዳንዱ የሚችለውን ይሥራ። ሁሉን እችላለሁ የሚል አንድ ሳጥን ፍለጋ ሰው ገንዘቡን ሲጨርስ አይቻለሁ። ሌላ ሃርድ ዲስክም ይግዙና ይሄን ሁሉ ይቅዱበት፤ አንዱ ሲሞት አያስጠነቅቅም።

ጋሽ ታደሰ፦ ሳመጣው በምን አውቃለሁ? አንቺ ሁልጊዜ እዚህ የለሽም።

ሰላማዊት፦ ያቺን ሊያጠፏት የነበረችውን ፋይል መጀመሪያ ያጫውቱ። ሹ ካለ ማጫወቻው እየነካካ ነው፤ ማስተካከያው ውስጥ ቮልዩምና ናሙና የሚለውጥ ነገር ይፈልጉ። ከዚያ ኤምኬቪውን ከፍተው የሪሲቨሩን ፊት ይዩ። «ዶልቢ አትሞስ» ካለ ታሽጎ ደርሷል። «መልቲ ቻናል ኢን» ካለ በመንገድ ተከፍቷል። በስፒከሮቹ ብቻ አይፍረዱ፤ ሪሲቨር ተራውን ድምፅ በራሱ ግምት ወደ ኮርኒስ ሊልከው ይችላል፣ ጆሮ ይታለላል። መጨረሻ ላይ ከበሮ ቀድሞ የሚገባበት አንድ ዘፈን ይፈልጉ። ሦስት አራት ጊዜ ከመጀመሪያው እያስነሱ ይስሙት።

ጋሽ ታደሰ፦ ሦስተኛውን ፈተና ቢወድቅ እመልሰዋለሁ?

ሰላማዊት፦ ትንሽ ቢበላ ይታገሱት፣ አልበም ሰሚ ነዎት። ሙሉ ሴኮንድ ከበላ ግን በመመለሻው ቀን ውስጥ ይመልሱት።

ጋሽ ታደሰ፦ ሻጩ «ምን ሆነ?» ቢለኝስ? ይሄን ሁሉ ላስረዳው ነው?

ሰላማዊት፦ «የመጀመሪያዋን ምት ይበላል» ይበሉት። ሙዚቃ የሚሰማ ሰው ከሆነ ይገባዋል፤ ካልገባው ደረሰኙን ያሳዩት።